አልቤር ክሎድ፦ ቫይረስ ሲፈልጉ የህዋስን ውስጥ ያገኙ ሐኪም

አልቤር ክሎድ በቤልጂየም የተወለዱ ሐኪምና የካንሰር ተመራማሪ ነበሩ። በ1974 የኖቤል የሕክምና ሽልማትን ከጆርጅ ፓላዴና ከክርስቲያን ደ ዱቭ ጋር ተጋርተዋል። ሽልማቱ የተሰጣቸው ህዋስ በውስጡ እንዴት እንደተደራጀ ስላሳዩ ነው። ሥራቸውን ሲጀምሩ ግን ዓላማቸው ሌላ ነበር። በዶሮ ላይ ካንሰር የሚያመጣውን ቫይረስ ለብቻው ለይተው ለማውጣት ነበር የተነሡት። በዚህ ፍለጋ ላይ ያጋጠማቸው ችግር ዛሬም ኤችአይቪን በሚያጠኑ ቤተ ሙከራዎች አለ። ቫይረስ ነው ተብሎ በተያዘው ናሙና ውስጥ ከጤነኛ ህዋስ የወጡ ጥቃቅን ነገሮች ተደባልቀው ይገኛሉ። እነዚህን ሳይለዩ የሚደረግ ጥናት ሊያሳስት ይችላል።

ማሳሰቢያ፦ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነት

ክሎድ የተወለዱት በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ በደቡብ ምሥራቅ ቤልጂየም በምትገኝ ሎንግሊየ በምትባል ትንሽ የገጠር መንደር ነው። አባታቸው ዳቦ ጋጋሪ ሲሆኑ በባቡር ጣቢያው አጠገብ ዳቦ ቤት ነበራቸው። ትምህርት የጀመሩት የተለያየ ክፍል ተማሪዎች በአንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ከአንድ አስተማሪ በሚማሩበት የመንደር ትምህርት ቤት ነው።

ገና ሕፃን ሳሉ እናታቸው በጡት ካንሰር ታመሙ። በዚያን ጊዜ ለዚህ በሽታ የነበረው ሕክምና እጅግ ውሱን ነበር። በሽታው ለዓመታት ሲያሠቃያቸው ቆይቶ ልጃቸው ሰባት ዓመት ሲሆነው አረፉ። ክሎድ በኋላ ዕድሜያቸውን ሁሉ በካንሰር ጥናት ላይ ማሳለፋቸውን ስናይ ይህን የልጅነት ኀዘን ልንዘነጋው አንችልም።

ቤተሰቡ ከዚያ በኋላ የብረት ፋብሪካዎች ወደነበሩበት ወደ አቱስ ተዛወረ። ጥቂት ቆይቶ ግን አጎታቸው በአንጎል ደም መፍሰስ ሽባ ሆኑ፤ አስታማሚም አስፈለጋቸው። ልጁ ክሎድ ትምህርታቸውን አቋርጠው ወደ ሎንግሊየ ተመለሱና አጎታቸውን ለዓመታት አስታመሙ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በወጉ ሳይማሩ የቀሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ያለ ዲፕሎማ ወደ ሕክምና ትምህርት

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ክሎድ በብረት ፋብሪካ ውስጥ ሥራ እየለመዱ ነበር። አገራቸው በጀርመን ጦር ስትያዝ በበጎ ፈቃድ ለእንግሊዝ የስለላ አገልግሎት ሠሩ። ጦርነቱ ካበቃ በኋላም ለዚህ አገልግሎታቸው ሜዳልያ ተሸለሙ።

ምኞታቸው ሐኪም መሆን ቢሆንም የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ስላልነበራቸው የዩኒቨርሲቲው በር ተዘግቶባቸው ነበር። በኋላ በጦርነቱ ያገለገሉ ሰዎች ያለ ዲፕሎማ ወደ ከፍተኛ ትምህርት እንዲገቡ የሚፈቅድ ሕግ ወጣ። ክሎድም በ1922 በሊዬዥ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ጀምረው በ1928 በዶክተርነት ተመረቁ። ያ ሕግ ባይወጣ ኖሮ የካንሰር ምርምር ከታላላቅ ሰዎቹ አንዱን ባጣ ነበር።

ከተመረቁ በኋላ ለተጨማሪ ጥናት ወደ በርሊን ሄዱ። በተቀበላቸው የካንሰር ተቋም ካንሰርን የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው የሚል ሐሳብ ነበር። ክሎድ ግን በባክቴሪያው ናሙና ውስጥ የካንሰር ህዋሳት ተደባልቀው እንደነበር አሳዩ። በእንስሳቱ ላይ ዕጢ ያበቀሉት እነዚያ ህዋሳት እንጂ ባክቴሪያው አልነበረም። ወጣቱ ሐኪም ናሙና ምን ያህል ሊያታልል እንደሚችል ገና ከጅምሩ ተረዱ።

የዶሮዋ ዕጢ

ታሪኩ እዚህ ላይ ወደ ኒው ዮርክ ይሻገራል። በሮክፌለር ተቋም የሚሠሩት ፔይተን ራውስ በ1911 አንድ አስገራሚ ግኝት አሳትመው ነበር። ዕጢ የወጣባትን ዶሮ ዕጢ ወስደው ፈጩ፤ ፈሳሹንም ህዋስም ባክቴሪያም በማያሳልፍ ማጣሪያ አጠለሉ። ያ የጠለለ ፈሳሽ በጤነኛ ዶሮ ላይ ሲወጋ ተመሳሳይ ዕጢ አበቀለ። ስለዚህ ካንሰሩን ያስተላለፈው ከባክቴሪያ ያነሰ ነገር ነበር ማለት ነው። ይህ ነገር ዛሬ ራውስ ሳርኮማ ቫይረስ በመባል ይታወቃል። በጊዜው ግን ብዙ ሊቃውንት ግኝቱን በጥርጣሬ ተመለከቱት። ራውስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ከ55 ዓመት በኋላ፣ በ1966 ነው።

ክሎድ ለተቋሙ ዳይሬክተር ለሳይመን ፍሌክስነር በጻፉት ደብዳቤ፣ የዚህን ዕጢ መንስኤ ለይተው ለማውጣትና ምንነቱን ለማወቅ እንደሚፈልጉ ገለጹ። ሐሳባቸው ተቀባይነት አግኝቶ በ1929 ወደ ኒው ዮርክ ተጓዙ። የተመደቡትም በጄምስ መርፊ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነበር። መርፊ ራሳቸው የዕጢው መንስኤ ቫይረስ ስለመሆኑ አላመኑም ነበር። የቫይረሱን ምንነት በማያዳግም መልክ የሚያሳይ ሰው ያስፈልግ ነበር።

ሥራው ቀላል አልነበረም። የራውስ ቫይረስ ስፋት በግምት 100 ናኖሜትር ነው። ይህም ማለት አንድ ሚሊሜትር ለመሙላት 10,000 ያህሉ ጎን ለጎን መደርደር አለባቸው። በተራ ማይክሮስኮፕ አይታይም። ከተፈጨ ዕጢ ውስጥ ለማውጣት መንገድ መፈለግ ግድ ሆነ።

ክሎድ የመረጡት መሣሪያ ሴንትሪፉጅ ነው። ጠላ ሲቀመጥ አተላው በራሱ ጊዜ ወደ ታች እንደሚዘቅጥ ሁሉ፣ በፈሳሽ ውስጥ ያሉ ቅንጣቶችም እንደ ክብደታቸውና እንደ መጠናቸው ይዘቅጣሉ። እጅግ ጥቃቅን የሆኑት ግን ቢቀመጡም አይዘቅጡም። ሴንትሪፉጅ ፈሳሹን በከፍተኛ ፍጥነት በማሽከርከር ያንን መዝቀጥ ያፋጥነዋል። በትንሽ ፍጥነት ትልልቆቹ፣ በከፍተኛ ፍጥነት ደግሞ ትንንሾቹ ከሥር ይጠራቀማሉ። ክሎድ የዶሮውን ዕጢ ፈጭተው ደረጃ በደረጃ ሲያሽከረክሩ፣ በመጨረሻ የሚገኘው ዝቃጭ ዕጢ የማብቀል ኃይሉ እጅግ የጨመረ ሆኖ አገኙት። ቫይረሱ በእጃቸው የገባ መሰለ።

የጤነኛው ህዋስ ምስክርነት

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ድል አድርጌአለሁ ብሎ ያሳትም ነበር። ክሎድ ግን አንድ ጥያቄ አነሡ። ካንሰር ያልነካው ጤነኛ ህዋስ በዚሁ መንገድ ቢፈጭና ቢሽከረከር ምን ይገኝበታል? ጤነኛ የዶሮ ፅንስ ወስደው ያንኑ ሥራ አንድ በአንድ ደገሙት። ውጤቱ ያልጠበቁት ነበር። ከጤነኛው ፅንስም ከዕጢው ከወጣው ጋር የሚመሳሰል ዝቃጭ አገኙ። በመጠንም በኬሚካላዊ ይዘትም ተቀራራቢ ነበር፤ ሁለቱም አሁን አርኤንኤ የምንለውን ንጥረ ነገር ይዘዋል። ልዩነቱ የጤነኛው ዝቃጭ ዕጢ አለማብቀሉ ነው። ይህን ውጤት በ1938 አሳተሙ።

ትርጉሙ ከባድ ነበር። ከዕጢው የወጣው ዝቃጭ አብዛኛው ክፍል ቫይረስ አልነበረም ማለት ነው። ቫይረሱ በውስጡ ቢኖርም ከየትኛውም ህዋስ በሚወጡ ቅንጣቶች ተውጦ ነበር። ያ ዝቃጭ ተመርምሮ ይህን ያህል አርኤንኤ፣ ይህን ያህል ቅባት አለው ቢባል፣ የተለካው በአመዛኙ የቫይረሱ ሳይሆን የህዋሱ ይዘት ይሆናል። ለዓመታት የተለፋበት ሥራ በአንድ የማነጻጸሪያ ሙከራ መልኩ ተለወጠ።

ክሎድ ውጤቱን እንደ ውድቀት አልቆጠሩትም። ቫይረሱን የሸፈኑት ቅንጣቶች ራሳቸው ምንድን ናቸው ብለው ወደ እነርሱ ዞሩ። በ1943 ማይክሮሶም የሚል ስም ሰጧቸው። የጉበት ህዋስን በመጠቀምም ክፍሎቹን ደረጃ በደረጃ የሚለይ የልኬት ዘዴ አዳበሩ፤ ይህንንም በ1946 አሳተሙ። ዘዴው ምንም ነገር እንዳይጣል ይጠይቃል። እያንዳንዱ ክፍል ተለክቶ፣ ድምሩ ከመነሻው ህዋስ ጋር መመሳከር አለበት። በዚሁ መንገድ ባልደረቦቻቸው ህዋስ ኃይል የሚያመነጭባቸው ኢንዛይሞች በሚቶኮንድሪያ ውስጥ እንደሚገኙ አሳዩ። ማይክሮሶም የተባሉት ደግሞ በኋላ እንደታወቀው በህዋሱ ውስጥ የተዘረጋው መረብ ቁርጥራጮችና ፕሮቲን የሚሠሩት ሪቦሶሞች ናቸው።

ህዋስን ሰባብሮ ማጥናት ሕይወት የሌለው ቅልቅል ከማጥናት አይለይም ብለው የተቹ ነበሩ። ክሎድ ለትችቱ መልስ የሰጡት በሌላ መሣሪያ ነው።

በዓይን ማየት

ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በዚያን ጊዜ አዲስ መሣሪያ ነበር። ክሎድ ከኪት ፖርተርና ከኧርነስት ፉላም ጋር በመሆን ከዶሮ ፅንስ የተወሰደ ሙሉ ህዋስን በዚህ መሣሪያ ፎቶግራፍ አንሥተው ምስሉን በ1945 አሳተሙ። ቀድሞ ባዶ ፈሳሽ ይመስል የነበረው የህዋስ ውስጥ በመረብና በቅንጣቶች የተሞላ ሆኖ ታየ።

ወደ ዶሮዋ ዕጢም ተመለሱ። በ1947 ከፖርተርና ከኤድዋርድ ፒክልስ ጋር ባሳተሙት ጥናት፣ በዕጢው ህዋሳት ላይ መጠናቸው ተመሳሳይ የሆነ ክብ ቅንጣቶችን አሳዩ፤ እነዚህንም የዕጢው መንስኤ አድርገው ተረጎሟቸው። ሴንትሪፉጁ ለይቶ ማውጣት ያልቻለውን ቫይረስ ዓይን በቅርጹ ለየው።

ክሎድ በ1940ዎቹ ማብቂያ ወደ አገራቸው ተመልሰው በብራስልስ የዡል ቦርዴ የካንሰር ተቋምን እስከ 1971 መሩ። ከዚያም በሉቫን ዩኒቨርሲቲ ምርምራቸውን ቀጠሉ። የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበሉ ዕድሜያቸው ከ70 አልፎ ነበር። በግንቦት ወር 1983 በብራስልስ አረፉ።

ከክሎድ በኋላ፦ ኤችአይቪና የነጭ ደም ህዋስ ከረጢቶች

የራውስ ቫይረስ ሬትሮቫይረስ የሚባለው ቤተሰብ አባል ነው። ኤችአይቪም የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው፤ መጠኑም ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ ኤችአይቪን ለምርምር የሚያጠሩ ሰዎች ክሎድ ያጋጠማቸውን ዓይነት ችግር ማግኘታቸው አያስገርምም።

ኤችአይቪ በቤተ ሙከራ የሚራባው ብዙ ጊዜ በነጭ የደም ህዋሳት ውስጥ ነው። እነዚህ ህዋሳት ቫይረስ ኖረባቸውም አልኖረባቸውም፣ ከሽፋናቸው ጥቃቅን ከረጢቶችን ቆርሰው ወደ አካባቢያቸው ይለቃሉ። ቫይረሱም ሲወጣ በዚያው የህዋስ ሽፋን ተጠቅልሎ ነው። ስለዚህ ቫይረሱና ከረጢቱ በመጠንም፣ በሽፋንም፣ በእፍጋትም ይመሳሰላሉ። በስኳር ሙሌት ውስጥ አድርገው በሴንትሪፉጅ ቢያሽከረክሯቸው በአንድ እርከን ላይ አብረው ይቆማሉ። በ1997 ሁለት የተለያዩ የተመራማሪ ቡድኖች ይህን በግልጽ አሳዩ። በሽታው ከሌለባቸው ህዋሳት በተመሳሳይ መንገድ የተዘጋጀ ናሙናም በከረጢቶች የተሞላ ሆኖ ተገኘ። ክሎድ በ1938 በዶሮ ፅንስ ላይ ያደረጉት ሙከራ በሌላ መልክ ተደገመ ማለት ይቻላል።

ይህ ለምን ያሳስባል? ቀደም ሲል የሆነ አንድ ነገር መልሱን ያሳያል። የኤችአይቪ ዘመድ በሆነው የዝንጀሮና የጦጣ ቫይረስ ላይ ክትባት ሲሞከር አንዳንድ እንስሳት ከበሽታው ተጠብቀው ነበር፤ ይህም ብዙ ተስፋ አሳደረ። በ1991 በወጣ ጥናት ግን ቫይረስ የሌለበት ጤነኛ የሰው ህዋስ ብቻ ከተሰጣቸው እንስሳት መካከልም የተጠበቁ ተገኙ። ክትባቱም፣ በኋላ እንስሳቱን ለመፈተን የተሰጠው ቫይረስም የተራባው በሰው ህዋስ ውስጥ ነበር። እንስሳቱ የተከላከሉት በአመዛኙ ባዕድ የሆነባቸውን የሰው ህዋስ ፕሮቲን ነበር። ለሰው የሚሆን ክትባት ሲታሰብ ይህ ዓይነቱ ጥበቃ አይረዳም፤ ለሰው የሰው ፕሮቲን ባዕድ አይደለምና።

ከረጢቱ እንዴት ይለያል?

በወንፊት መንፋት የሚረዳው ዘሮቹ በመጠን ሲለያዩ ነው። እኩል ከሆኑ ግን በዓይን ለይቶ፣ በእጅ መልቀም ግድ ይላል። ቫይረሱንና ከረጢቱን መለየትም እንዲሁ ነው። መለያ ምልክት ያስፈልጋል።

ምልክቱ ሲዲ 45 የሚባል ፕሮቲን ነው። ይህ ፕሮቲን በነጭ የደም ህዋሳት ሽፋን ላይ በብዛት ይገኛል፤ ከእነርሱ በሚወጡ ከረጢቶች ላይም አለ። ኤችአይቪ ግን ከህዋሱ ሲወጣ ሌሎች የህዋስ ፕሮቲኖችን ይዞ ቢወጣም ይህን አይዝም። ሥራው በአጭሩ እንዲህ ይከናወናል።

• ሲዲ 45ን የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል እጅግ ጥቃቅን በሆኑ የማግኔት ቅንጣቶች ላይ ይጣበቃል።

• ቅንጣቶቹ ከቫይረሱ ናሙና ጋር ይደባለቁና ጊዜ ይሰጣቸዋል። በዚህ ጊዜ ከረጢቶቹን ይይዛሉ።

• ድብልቁ በማግኔት በኩል እንዲያልፍ ይደረጋል። ከረጢቶቹ ከቅንጣቶቹ ጋር በማግኔቱ ይያዛሉ፤ ቫይረሱ ግን ያልፋል።

• ያለፈው ፈሳሽ የቫይረስ ፕሮቲን መጠኑ፣ የቀረው ሲዲ 45 እና በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የሚታየው መልኩ ይመረመራል።

በዚህ ዘዴ የጸዳ ናሙና በቫይረሱ ሽፋን ላይ የትኞቹ የሰው ፕሮቲኖች በእርግጥ እንዳሉ ለማወቅ ረድቷል። ለምሳሌ የመከላከያ ህዋሳት እርስ በርስ ለመለያየት የሚጠቀሙባቸው አንዳንድ ፕሮቲኖች ከረጢቶቹ ከወጡ በኋላም በናሙናው ውስጥ ተገኝተዋል። ስለዚህ ቫይረሱ እነርሱን በእርግጥ ይዞ ይወጣል ማለት ነው።

ዘዴው ገደብ አለው። ሲዲ 45 የሌላቸው ከረጢቶች በማግኔት አይያዙም። ቫይረሱ የተራባው ከነጭ የደም ህዋስ ውጭ በሆነ ህዋስ ውስጥ ከሆነ ዘዴው ጨርሶ አይሠራም፤ ምልክቱ በእነዚያ ህዋሳት ላይ የለምና። በዚህ ምክንያት ጠንቃቃ ተመራማሪዎች ከጤነኛ ህዋስ የተዘጋጀ ማነጻጸሪያ ናሙና ጎን ለጎን ማስኬዳቸውን አይተዉም። ያ ማነጻጸሪያ ክሎድ በዶሮ ፅንስ የሠሩት ነው።

ይህ ለታካሚ ምን ማለት ነው?

ከላይ የተገለጸው ችግር በምርምር ቤተ ሙከራ ያለ ችግር ነው። በጤና ተቋም በሚደረግ የኤችአይቪ ምርመራ ላይ ጥርጣሬ ሊያሳድር አይገባም። በደም ውስጥ ያለውን የቫይረስ መጠን የሚለካው ምርመራ የቫይረሱን የራሱን የዘር ቅንጣት ፈልጎ የሚቆጥር እንጂ በመጠን ወይም በእፍጋት ላይ የሚመሠረት አይደለም። በፈጣን ምርመራ የሚታየውም ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል ያመረተው ፀረ እንግዳ አካል ነው። ስለ ውጤትዎ ጥያቄ ካለዎት የሚከታተልዎትን የጤና ባለሙያ ያነጋግሩ፤ የታዘዘልዎትንም መድኃኒት ያለ ምክር አያቋርጡ።

ስለ አዲስ ክትባት ወይም መድኃኒት ዜና ሲሰሙ ግን ከክሎድ ሕይወት አንድ ነገር መውሰድ ይቻላል። ውጤቱ ተስፋ ሰጪ ነው ሲባል፣ መድኃኒቱን ወይም ክትባቱን ያላገኘው ማነጻጸሪያ ቡድን ምን ሆነ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። እናታቸውን በካንሰር ያጡት ያ ሐኪም መልሱን ለማግኘት ከማንም በላይ ሊቸኩሉ በቻሉ ነበር። እሳቸው ግን ጤነኛውን ፅንስ ፈጭተው እስኪያዩ ድረስ ቫይረሱን አገኘሁ አላሉም።